የአውሮፕላን ሞተር ክፍሎች ማሽኒንግ፣ ከባሕር ዳር ቶርኖ ቤት ሲታይ

በባሕር ዳር ቶርኖ ቤቶች የተበላ ዘንግ ይላጫል፣ ኩሽኔታ የሚገባበት ቤት ይሰፋል፣ ጥርሱ ያለቀ ቡሎን በአዲስ ይተካል። የአውሮፕላን ሞተር ክፍሎች ማሽኒንግም ሥሩ ይኸው ነው፤ ስለት ብረቱ ላይ አርፎ ትርፉን ይልጣል። የሚለየው ልኬቱ በማይክሮን፣ ማለትም በሚሊሜትር ሺህኛ፣ መቆጠሩ ነው። የሰው ጠጉር 70 ማይክሮን ገደማ ይወፍራል፤ የተርባይን (የጋለ ጋዝ የሚያሽከረክረው የሞተሩ ክፍል) ምላጭ ከሚሸከመው ዲስክ ጋር በሚገጥምበት ሥር ላይ የሚታለፈው ስሕተት ግን ከዚያ በብዙ ያንሳል።

ፈተናው ከብረቱ ይጀምራል። በዘመናዊ ጄት ሞተር ወደ ተርባይኑ የሚገባው ጋዝ ከ1,500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያልፋል፤ ምላጮቹ የሚሠሩበት የኒኬል ቅይጥ ደግሞ ከዚያ በታች ይቀልጣል። ሳይቀልጥ የሚቆየው በጥቃቅን ቀዳዳዎች በኩል አየር ስለሚያቀዘቅዘው ነው። ቀዳዳዎቹ በኤሌክትሪክ ብልጭታ ወይም በሌዘር ይበሳሉ። እሳት የሚችል ብረት ለቆራጩ አይመችም። ኢንኮኔል 718 የተባለው ቅይጥ ሙቀት ቶሎ ስለማያስተላልፍ ግለቱ ስለቱ ጫፍ ላይ ይከማቻል፤ በደነዘ ስለት ከተፋቀ ደግሞ ገጹ ይጠነክርና ቀጣዩን ስለት ይበላል። ለፊተኞቹ የኮምፕሬሰር (አየሩን የሚያምቀው የሞተሩ ክፍል) ክፍሎች የሚመረጠው ቲታኒየምም በዚህ ረገድ አይሻልም።

ቀጥሎ የልኬት ነገር አለ። ክፍሎች የሚለኩበት ዓለም አቀፍ መነሻ ሙቀት 20 ዲግሪ ነው። በሚያዝያ ቀትር የባሕር ዳር ሙቀት 30 ሲደርስ፣ 100 ሚሊሜትር የነበረ አረብ ብረት 11 ማይክሮን ያህል ይረዝማል፤ ይህ ብቻውን ክፍሉን ውድቅ ሊያደርገው ይችላል። ከጣና ዳር ወደዚህ ሙያ ለሚነሣ ሰው፣ ከባለ አምስት አክሲስ ሲኤንሲ ማሽን (በኮምፒዩተር ታዝዞ በአምስት አቅጣጫ የሚንቀሳቀስ መቁረጫ) በፊት ሙቀቱ የማይዋዥቅ የመለኪያ ክፍል ይቀድማል ብዬ አምናለሁ።

ከተማዋ ለብረት ሥራ ትምህርት እንግዳ አይደለችም። እ.ኤ.አ. በ1963 በሶቪየት ኅብረት ትብብር የተከፈተው ፖሊቴክኒክ ኢንስቲትዩት ከመጀመሪያ የትምህርት ዘርፎቹ አንዱ የብረታ ብረት ቴክኖሎጂ ነበር፤ ዛሬ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ አካል ነው። በደጃዝማች በላይ ዘለቀ አውሮፕላን ማረፊያ የሚያርፈው ዳሽ 8-400 የተባለ አውሮፕላንም ባለ ስድስት ምላጭ ፕሮፔለሮቹን የሚያዞረው በሁለት የተርባይን ሞተሮች ነው።

ልኬት ብቻውን እንደማይበቃ ያሳየው የፔንሳኮላው አደጋ ነው። ሐምሌ 6 ቀን 1996 እ.ኤ.አ.፣ በአሜሪካ ፍሎሪዳ፣ ለመነሣት ይንደረደር የነበረ ኤምዲ-88 አውሮፕላን የግራ ሞተሩ የፊት ማራገቢያ እምብርት ተሰንጥቆ ፈነዳ፤ ስብርባሪው ወደ ካቢኑ ገብቶ ሁለት መንገደኞችን ገደለ። መርማሪዎች ስንጥቁን ተከትለው የደረሱት አንድ የቡሎን ቀዳዳ ላይ ነበር። ቀዳዳው ሲበሳ የቲታኒየሙ ገጽ ባሕርይ ተለውጦ ነበር፤ በኋላ የተደረገው ፍተሻም ስንጥቁን አላገኘውም። ለዚህ ነው በእንዲህ ያለ ቀዳዳ ላይ የመሰርሰሪያው ፍጥነት፣ የማቀዝቀዣው ፈሳሽና ስለቱ የሚቀየርበት ጊዜ አስቀድመው ተጽፈው የሚጸኑት። ሠራተኛው በራሱ ፈቃድ አይለውጣቸውም፤ መሰርሰሪያው መሐል ላይ ከተሰበረ ክፍሉ በመለያ ቁጥሩ ተመዝግቦ ለብቻው ይቀመጣል።