የይዘት ማስጠንቀቂያ በፋን ፊክሽን

ፋን ፊክሽን የአንድ መጽሐፍ፣ ፊልም ወይም ተከታታይ ድራማ አድናቂዎች የሚወዷቸውን ገጸ ባሕርያት ወስደው በራሳቸው ታሪክ ውስጥ የሚያኖሩበት፣ አብዛኛውን ጊዜም ያለ ክፍያ ለሌሎች አድናቂዎች የሚያካፍሉት ጽሑፍ ነው። የይዘት ማስጠንቀቂያ የሚባለው ከታሪኩ በፊት የሚቀመጥ አጭር ማሳሰቢያ ሲሆን፣ በውስጡ አስገድዶ መድፈር፣ ዘግናኝ ጭካኔ፣ ራስን ማጥፋት ወይም ሌላ ስሜትን ክፉኛ የሚጎዳ ነገር እንዳለ አንባቢው አስቀድሞ እንዲያውቅ ያደርጋል። ይህ ማሳሰቢያ ግዴታ ይሁን ወይስ ለደራሲው ፈቃድ ይተው የሚለው ጥያቄ አድናቂዎችን ለዓመታት ሲያከራክር ኖሯል።

ጥያቄው ከመደበኛው ልብ ወለድ ይልቅ በፋን ፊክሽን ላይ የሚበረታበት ምክንያት አለ። በአሳታሚ በኩል የሚወጣ መጽሐፍ በአርታኢ እጅ ያልፋል፤ የሽፋን ሥዕሉ፣ በጀርባው ያለው መግለጫ፣ የተቀመጠበት መደርደሪያና የሚጻፍለት ሂስ ሁሉ ስለ ውስጡ ጥቂት ይናገራሉ። ፋን ፊክሽን ግን ከጸሐፊው በቀጥታ ለአንባቢው ይደርሳል። ከዚህም በላይ አንባቢው ገጸ ባሕርያቱን ከዋናው ሥራ ያውቃቸዋል፣ ይወዳቸዋል፤ የዋናው ሥራ ለዛም በአእምሮው ተቀርጿል። ለልጆች በተሠራ ካርቱን ላይ የተመሠረተ ታሪክ የዋህ የልጆች ጨዋታ ሊሆን ይችላል፤ የእነዚያኑ ገጸ ባሕርያት ስቃይና ሞት በዝርዝር የሚተርክም ሊሆን ይችላል። በሁለቱም ላይ የሚነበበው ስም አንድ ነው። እንግዲህ ዋናውን ሥራ ማወቅ አንባቢውን ያዘናጋዋል እንጂ አይጠብቀውም፤ የማስጠንቀቂያ ደጋፊዎች ክርክር ከሁሉ የሚጠነክረውም በዚህ ነጥብ ላይ ነው።

ልማዱ ከኢንተርኔት ይቀድማል። ስታር ትሬክ የተባለው የአሜሪካ ተከታታይ የቴሌቪዥን ድራማ አድናቂዎች እ.ኤ.አ. ከ1967 ጀምሮ ታሪኮቻቸውን በራሳቸው አባዝተው በሚያሰራጯቸው መጽሔቶች ላይ ያወጡ ነበር፤ ለአዋቂዎች ብቻ የሚሆን ጽሑፍ የያዙ መጽሔቶች አዘጋጆችም ገዢው ዕድሜው ለአካለ መጠን መድረሱን እንዲያረጋግጥላቸው የመጠየቅ ልማድ ነበራቸው። በ1998 የተመሠረተው ፋንፊክሽን ዶት ኔት የተባለው የፋን ፊክሽን ድረ ገጽ በበኩሉ መጀመሪያ የአሜሪካ ፊልሞችን የዕድሜ ደረጃ ተውሶ ሲጠቀም ቆይቶ፣ በ2002 ከሁሉ የከበደውን የአዋቂዎች ደረጃ ጽሑፍ ከለከለ፤ በ2005 ደግሞ ኬ፣ ኬ ፕላስ፣ ቲ እና ኤም በሚሉ ፊደላት ወደሚታወቅ ሌላ ደረጃ ተሸጋገረ። የዕድሜ ደረጃ የይዘቱን ክብደት ይናገራል፤ ዓይነቱን ግን አይናገርም። የቅርብ ሰው ራሱን ያጠፋበት አዋቂና ጾታዊ ጥቃት የደረሰባት አዋቂ ሴት በአንድ የዕድሜ ደረጃ ሥር ይገኛሉ፤ የሚያቆስላቸው ግን የተለያየ ነው።

ደራሲዎች ምልክት ማድረግን የሚፈሩበት ታሪካዊ ምክንያትም አለ። በግንቦት 2007 ላይቭጆርናል የተባለው የብሎግ አገልግሎት በመቶዎች የሚቆጠሩ አካውንቶችን አገደ። ለእገዳው መነሻ የሆነው ተጠቃሚዎች በዝንባሌ ዝርዝራቸው ላይ ያሰፈሯቸው ቃላት ነበሩ፤ በዚህም ልብ ወለድ የሚጽፉ አድናቂዎች ብቻ ሳይሆኑ ከጾታዊ ጥቃት የተረፉ ሰዎች የሚደጋገፉባቸው ስብስቦች ጭምር ተዘጉ። ስለ ይዘቱ በግልጽ የተናገረ ሰው በመናገሩ ተቀጣ ማለት ነው። ማስጠንቀቂያ እንዲጻፍ የሚሻ ሁሉ ይህን ሊያስታውስ ይገባል፤ ምልክቱ ለእገዳ መሣሪያ ከሆነ ሐቀኛው ደራሲ ይጎዳል፣ የሚደብቀው ያመልጣል።

በ2009 በአድናቂዎች መካከል በተነሣው ሰፊ ክርክር ከጥቃት የተረፉ አንባቢዎች ያለ ማስጠንቀቂያ የገጠማቸው ትዕይንት ምን ያህል እንዳወካቸው ሲያስረዱ፣ በርካታ ደራሲዎች ደግሞ ማስጠንቀቂያ የታሪኩን ምሥጢር አስቀድሞ ያወጣል፣ የኪነ ጥበብ ነጻነትንም ይነካል ሲሉ ተከራከሩ። በዚያው ዓመት ኅዳር ወር ለሕዝብ የተከፈተው አርካይቭ ኦፍ አወር ኦውን፣ በ2007 የተቋቋመው ኦርጋናይዜሽን ፎር ትራንስፎርማቲቭ ወርክስ የተባለ ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት የሚያስተዳድረው የፋን ፊክሽን የኢንተርኔት ቤተ መዛግብት፣ ለዚህ ክርክር እስካሁን ከታዩት ሁሉ የተሻለ ነው ብዬ የማምንበትን መልስ ሰጥቷል። ደራሲው በግዴታ የሚጠየቀው ስለ አራት ነገሮች ብቻ ነው፦ በዝርዝር ስለተገለጸ ጭካኔ፣ ስለ ዋና ገጸ ባሕርይ ሞት፣ ስለ አስገድዶ መድፈር እና ዕድሜው ከ18 ዓመት በታች የሆነ ገጸ ባሕርይ ስለሚገባበት ወሲብ። ከእነዚህ አንዱም ከሌለ የለም ብሎ ይመልሳል፤ መናገር ካልፈለገ ደግሞ ማስጠንቀቂያ ላለመስጠት መርጫለሁ የሚለውን ምልክት ያደርጋል።

የሥርዓቱ ብልኅነት የሚገኘው በመጨረሻው ምርጫ ላይ ነው። የለም ማለትና አልናገርም ማለት ተለያይተው ተቀምጠዋል። ምሥጢሩን መጠበቅ የሚፈልግ ደራሲ አይገደድም፤ ዋስትና የሚፈልግ አንባቢም ይህን ምልክት ሲያይ ማንኛውም ነገር ሊኖር እንደሚችል ተረድቶ ያልፈዋል፣ ወይም አውቆ ይገባበታል። አንባቢን የሚጎዳው ያልታወጀ ዝምታ ነው፤ ዝምታ መሆኑ የተነገረ ዝምታ ራሱ መረጃ ነው። ከአራቱ ውጭ ላለው ሁሉ ደራሲው በራሱ ፈቃድ ታግ፣ ማለትም ይዘቱን የሚጠቁም አጭር መለያ ቃል፣ ይጨምራል፤ በጎ ፈቃደኞች ተመሳሳይ ታጎችን እያገናኙ ያደራጃሉ፤ አንባቢውም የማይፈልገውን ከፍለጋው ያስወጣል፣ አለዚያም ያንኑ ከባድ ይዘት ሆን ብሎ ይፈልጋል። ብዙዎች የደረሰባቸውን ለመረዳት ሲሉ እንዲህ ያለውን ታሪክ ይሻሉና፣ ማስጠንቀቂያው ለእነርሱ መንገድ መሪ ይሆናል።

ሳይንሱ ለደጋፊዎቹ ሙሉ በሙሉ አይመችም። በ2023 የታተመ፣ ቀደም ሲል የተደረጉ ጥናቶችን በአንድነት የመረመረ ትንተና ማስጠንቀቂያ ከባድ ይዘት የሚያስከትለውን የስሜት ጉዳት እንደማይቀንስ፣ ከማንበብ በፊት ያለውን ሥጋት ግን ከፍ እንደሚያደርግ፣ ሰዎች ይዘቱን እንዲሸሹም በጥቅሉ እንደማያደርግ አሳይቷል። ይህን ውጤት በቅንነት መቀበል ያስፈልጋል፤ ማስጠንቀቂያ መድኃኒት ነው ብሎ መናገርም ተገቢ አይደለም። ሆኖም በፋን ፊክሽን ውስጥ ዋናው ጥቅሙ ምርጫ ነው። በቤተ ሙከራ አንድ ጽሑፍ ቀርቦለት የሚያነብ ተሳታፊና ለመዝናናት ከሺህ ታሪኮች አንዱን የሚመርጥ አንባቢ አንድ አይደሉም፤ የኋለኛው ይህን ዛሬ አላነብም ብሎ ሌላ ማንሣቱ ምንም አያጎድልበትም።

በተግባር ችግሩ ወሰን ማበጀቱ ላይ ነው። አንድ ሰው ሽታ፣ ሌላው የሆስፒታል ክፍል፣ ሌላው የአንድ ዘፈን ስም ክፉ ትዝታ ሊቀሰቅስበት ስለሚችል የተሟላ ዝርዝር ሊኖር አይችልም፤ ሁሉን እንዲያስጠነቅቅ የተጠየቀ ደራሲም ተሰላችቶ ምንም ወደ አለማለት ይሄዳል። አጭር የግዴታ ዝርዝርና ሰፊ የፈቃድ ታግ የሚያስፈልጉት ለዚህ ነው። አጻጻፉም ጥንቃቄ ይሻል፤ ድርጊቱን በዝርዝር የሚተርክ ማስጠንቀቂያ ራሱ ጉዳቱን ያደርሳልና በስሙ ጠርቶ ማለፍ ይበቃል። ምሥጢር እንዳይወጣ የሚሰጉ ደራሲዎች መግቢያው ላይ በጥቅሉ ካስጠነቀቁ በኋላ ዝርዝሩን በታሪኩ ማብቂያ ባለው ማስታወሻ ያስቀምጣሉ፤ የፈለገ አንባቢ አስቀድሞ ወርዶ ያነበዋል።

ከሁሉ የሚያስቸግረው በየክፍሉ እየተጻፈ የሚወጣ ተከታታይ ታሪክ ነው። ደራሲው ራሱ ታሪኩ ወዴት እንደሚያመራ ላያውቅ ይችላል፤ የመጀመሪያው ክፍል ሲወጣ የተነገረው እውነት አሥረኛው ላይ ሲደርስ ጎዶሎ ሊሆን ይችላል። አንባቢው ግን ወራት ተከታትሎት፣ ከገጸ ባሕርያቱ ጋር ይበልጥ ተቆራኝቶ ነው እዚያ የሚደርሰው። ስለሆነም ጠንቃቃ ጸሐፊዎች የታሪኩን አጠቃላይ ማስጠንቀቂያ አዲስ ነገር በገባ ቁጥር ያድሱታል፤ ከባዱ ትዕይንት የሚገኝበትም ክፍል ራስጌው ላይ ለብቻው ማሳሰቢያ ያኖራሉ፤ አንዳንዶቹም ያንን ክፍል ዘልሎ ለሚያልፍ አንባቢ ታሪኩ እንዳይቋረጥበት በቀጣዩ ክፍል መግቢያ ላይ የሆነውን በሁለት ዓረፍተ ነገር ይነግሩታል።