«የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች»፦ ተመራጩ ፕሬዝዳንት ለድርድር ሲቀመጥ

አዲስ የተመረጠ መሪ ከተቀናቃኙ ጋር ሊነጋገር ነው ሲባል ይህ ተረት አይቀርም። ቡራዩም ይሁን ሰበታ፣ ለገጣፎም ይሁን ሱሉልታ፣ ሻይ ቤት ቁጭ ብሎ ዜና የሚሰማ ሰው ራሱን ይነቀንቅና «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» ይላል። ፍርዱ ተሰጠ ማለት ነው። ሰውየው የመረጡትን ከዳ፣ አለቀ። ተረቱ ግን እንዲህ ቶሎ የሚፈርድ አይመስለኝም።

ምንጩ የቤት አሠራራችን ነው። ቆጥ በድሮው የሣር ክዳን ቤት ከጣሪያው ሥር በእንጨት ተረብርቦ የሚሠራ ከፍ ያለ ቦታ ነው። እህል ይቀመጥበታል፣ ዕቃ ይሰቀልበታል፣ ከልጅ እጅ የሚሸሸግ ነገር ይሸሸግበታል። ዶሮም ሲመሽ እዚያ ትሰፍራለች። ከእንጦጦ ጀርባ ወደ ሱሉልታ፣ ወይም በሆለታ መንገድ ገባ ቢሉ ዛሬም ቆጥ ያለው የገበሬ ቤት አይጠፋም። የካ አባዶ ወይም ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ያደገ ልጅ ግን ተረቱን ይተርታል እንጂ ቆጥ ምን እንደሚመስል ላያውቅ ይችላል።

ሴትየዋ ብብቷ ሥር አንድ ነገር ይዛለች። ምን እንደሆነ አልተነገረንም። ክንዷን እስከገጠመች ድረስ አይወድቅም። ቆጡ ላይ ያለውን ለማውረድ ስትንጠራራ ክንዷ ይነሳል፣ የያዘችውም መሬት ይደርሳል። ከቆጡ የፈለገችውን ታውርድ አታውርድ፣ እሱንም ተረቱ አይነግረንም።

በዘልማድ የምንተርተው ለስግብግብ ሰው ነው። ደህና ሥራውን ጥሎ ለማያውቀው ንግድ የሮጠ፣ ቤቱን ሸጦ ለደላላ ወሬ የከፈለ፣ እንዲህ ያለው ይተረትበታል። «በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል» የሚለው የቅርብ ዘመዱ ነው፤ ሆኖም አንድ አይደሉም። ወርቁን ከመዳብ የቆጠረው ሰው ያለውን ንቋል። ይህቺ ሴት ግን የናቀችው ነገር የለም። ቆጡም የራሷ ቤት ቆጥ ነው፣ ላዩ ያለውም ያስፈልጋት ይሆናል። የብብቷን አንድ ቦታ ሳታኖር ክንዷን አነሳች፣ ጥፋቷ ይኼ ብቻ ነው።

ተመራጭ ፕሬዝዳንት የሚቆመው እሷ በቆመችበት ነው። ከምርጫው ማግስት እስከ ቃለ መሐላው ድረስ የያዘው የመራጩን ድምፅና የገባውን ቃል ነው። ጦሩ፣ ግምጃ ቤቱ፣ መሥሪያ ቤቱ ሁሉ ገና በሌላ ሰው እጅ ነው። እጁን ሳይዘረጋ አገር ሊመራ አይችልም።

ባራክ ኦባማን እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2008 ተመረጡ፣ ጃንዋሪ 20 ቀን 2009 ቃለ መሐላ ፈጸሙ። በመሃሉ የቡሽን የመከላከያ ሚኒስትር ሮበርት ጌትስን እዚያው ለማቆየት ወሰኑ። የኢራቅን ጦርነት ስለተቃወሙ የመረጧቸው ብዙዎች በዚህ ቅር ተሰኙ። ከዚያ 787 ቢሊዮን ዶላር የተባለለት የኢኮኖሚ ማነቃቂያ ሕግ መጣ። ሲሶ ያህሉ የግብር ቅናሽ ነበር፤ ሪፐብሊካኖችም በዚህ ይሳባሉ የሚል ተስፋ ነበረ። በተወካዮች ምክር ቤት አንድም ሪፐብሊካን አልደገፈውም። በሴኔት የደገፉት ሦስት ናቸው። ለዚህኛው ተረቱ በደንብ ይሠራል።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ የደቡብ አፍሪካው የኔልሰን ማንዴላ ነገር ነው። ማንዴላ ለእኛ ሩቅ አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ1962 ኮልፌ መጥተው፣ ፈጥኖ ደራሹ ካምፕ ወታደራዊ ሥልጠና ወስደዋል። ያኔ ኮልፌ የአዲስ አበባ ዳርቻ ነበር፤ ዛሬ ከተማው ውጦታል። አገራቸው ተመልሰው በዚያው ዓመት ኦገስት ላይ ተያዙ። ከእስር የወጡት በ1990 ነው። በ1994 ፕሬዝዳንት ሲሆኑ ደግሞ ያሰራቸው የነጮቹ ፓርቲ ከነመሪው ከዴክለርክ ጋር ካቢኔያቸው ውስጥ ገባ።

ይህ የየዋህነት ጉዳይ አልነበረም። ከምርጫው በፊት ከዴክለርክ መንግሥት ጋር የተያዘው ድርድር ሲጓተት፣ አገሪቱም በየቀኑ ሰው ሲሞትባት፣ በ1992 ከማንዴላ ወገን የነበሩት ኮሚኒስቱ ጆ ስሎቮ አንድ ሐሳብ አመጡ። ሥልጣን እናካፍል፣ የነባሩን ሠራተኛ እንጀራ አንንካ፣ ግን በጊዜ ይወሰን አሉ። በጊዜያዊው ሕገ መንግሥት መሠረት 5 በመቶ ድምፅ ያገኘ ፓርቲ ካቢኔ ይገባል፣ 20 በመቶ ያገኘ ምክትል ፕሬዝዳንት ይሾማል። የማንዴላ ፓርቲ ከ62 በመቶ በላይ አገኘ። የዴክለርክ ፓርቲ 20ን ለጥቂት አለፈ። ስለዚህ ዴክለርክ ከማንዴላ ፓርቲው ታቦ ምቤኪ ጎን ምክትል ፕሬዝዳንት ሆኑ። የሌላው ተቀናቃኝ ፓርቲ የኢንካታ መሪ ቡቴሌዚ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትር ሆኑ። የቀድሞው መንግሥት የገንዘብ ሚኒስትር ዴሪክ ኪስም ለጊዜው እዚያው ቆዩ።

ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ ማንዴላ የብብቱን ጣለ ይላል። እስቲ ብብታቸው ሥር ምን እንደነበር እንይ። አንድ ሰው አንድ ድምፅ የሚለው መርህ ነበር። ዴክለርክ ሥልጣን መጋራቱ ቋሚ እንዲሆን ይፈልጉ ነበር። ይህን አላገኙም። መጋራቱ ለአምስት ዓመት ብቻ ሆነ፣ የመጨረሻውን ሕገ መንግሥትም ሕዝቡ የመረጠው ጉባኤ ጻፈው። ማንዴላና ጓዶቻቸው የብብታቸውን መጀመሪያ አስቀመጡት፣ ከዚያ ነው እጃቸውን ወደ ቆጡ የዘረጉት። በ1996 የዴክለርክ ፓርቲ ጥሎ ሲወጣ መንግሥቱ አልፈረሰም፣ ሥራውን ቀጠለ።

መሬት ላይ ግን ሌላ ታሪክ ነው። በድርድሩ የንብረት መብት ጥበቃ አገኘ፤ ጥቁሮች የተነጠቁት መሬት አብዛኛው በነጮች እጅ እንዳለ ቀረ ማለት ነው። አዲሱ መንግሥት በአምስት ዓመት ውስጥ 30 በመቶ የእርሻ መሬት አከፋፍላለሁ ብሎ ነበር። ወደዚያ አልተጠጋም። ያን ቃል ሰምቶ ለመምረጥ ሲነጋጋ ጀምሮ የተሰለፈ ገበሬ ብብት ሥር የነበረው መሬቱ ነበር።

ስለዚህ አንድ ሰው ዴክለርክን አጠገባቸው ስላስቀመጡ ይህን ተረት በማንዴላ ላይ ቢተርት እከራከረዋለሁ። ስለ መሬቱ ከሆነ ግን የምመልስለት የለኝም።