የሚጠራ ዋጋና የገበያ ዋጋ

ጎንደር ፒያሳ ቡናውን እየጠጣ ስልኩን የሚያገላብጥ መኪና ፈላጊ አምስት የቶዮታ ቪትዝ ማስታወቂያዎች አገኘ እንበል። ለምሳሌ ያህል 1.9፣ 2፣ 2.05፣ 2.1 እና 3 ሚሊዮን ብር ይላሉ። ደምሮ ለአምስት ቢያካፍል 2.21 ሚሊዮን ይወጣል። ከአምስቱ አራቱ ግን ከዚያ በታች ናቸው፤ አማካዩን ያሳበጠው የአንድ ሻጭ ምኞት ነው። ዋጋዎቹን ከትንሽ ወደ ትልቅ ደርድሮ መሃል የዋለውን 2.05 ሚሊዮን መውሰድ ይሻላል።

እሱም ቢሆን የተጠራ እንጂ የተሸጠበት ዋጋ አይደለም። «መጨረሻው ስንት ነው?» ከመባሉ በፊት የተጻፈ ነው፤ የክርክር ትርፍና የደላላ ኮሚሽን በውስጡ ይኖራል። ለወራት ሳይነሳ የቆየ ማስታወቂያ የሚነግረን ገዢ ያጣውን ዋጋ ነው። ሌላም ወጥመድ አለ፦ አንዱን መኪና ሦስት ደላሎች ከለጠፉት፣ ማስታወቂያ የሚቆጥር ሰው እንደ ሦስት መኪና ይቆጥረዋል። እኔ ፎቶውን ነው የማየው፤ አንድ መኪና መሆኑን የወንበሩ ጨርቅ ያጋልጣል።

ንጽጽሩም ከአምሳያ ጋር ይሁን፦ የተመረተበት ዓመት፣ ሞተሩ፣ ካምቢዮው፣ የሰሌዳው ኮድ። ዓመቱን ከማስታወቂያው ሳይሆን ከሊብሬው (ከመኪናው የባለቤትነት ደብተር) ያንብቡ። በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ስለተከለከለ፣ ከዚያ በፊት የተለጠፈ ዋጋ ለዛሬ ግምት አይሆንም። የአዲስ አበባ ዋጋ ላይ ደግሞ ጎንደር እስኪደርስ ያለውን ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ ወጪ ይደምሩ።