የሰውነት የጭንቀት ምላሽ «መዳን» ሲባል ምን ማለት ነው?

በልጅነቱ ክፉ ነገር የደረሰበት ሰው ሰውነቱ በኮርቲሶል ስለተሞላ በ21 ቀን ጾምና በዕፅዋት ሻይ «ማጠብ» ይቻላል የሚለውን ምክር ሰሞኑን ለስንተኛ ጊዜ እንዳነበብሁ አላስታውስም። ምክሩን የጻፉት ሰው በቅንነት አስበው ይሆናል፤ ነገር ግን ኮርቲሶልን እንደ መርዝ፣ መዳንን እንደ እጥበት መቁጠር በሆርሞን ሕክምና ላይ የተሰማራሁ እኔ ደጋግሜ የማቃናው ስሕተት ስለሆነ ዝም ብዬ ማለፍ አቃተኝ።

ኮርቲሶል ከኩላሊት በላይ ከተቀመጡት ዕጢዎች የሚመነጭ፣ ጭንቀት ሲያጋጥም ሰውነትን ለመቋቋም የሚያነሣ፣ ያለ እርሱ በሕይወት መቆየት የማይቻል ሆርሞን ነው። ጠዋት ከእንቅልፍ ስንነሣ ከፍ ይላል፣ ቀኑን ሙሉ እየቀነሰ ይሄድና እኩለ ሌሊት ገደማ ዝቅ ይላል። ስለዚህ ጠዋት በተቀዳ አንድ ብልቃጥ ደም «የልጅነት ቁስል አለብዎት» ብሎ መፍረድ አይቻልም።

ይበልጥ የሚያስቆጨኝ ግን «ተሞልቷል» የሚለው ቃል ነው። በገጠር ማማ ላይ ወጥቶ ማሳ ከዝንጀሮ የሚጠብቅ ልጅ አስቡ። መንጋው በየቀኑ የሚመጣበትና ከጎኑ ታላቅ ሰው የሌለው ልጅ ከሁለት አንዱን ይሆናል፤ ወይ ቅጠል በተንቀሳቀሰ ቁጥር ወንጭፉን ያስወነጭፋል፣ ወይም ጮኾ ጮኾ ድምፁ ከተዘጋ በኋላ መንጋው ማሳው መካከል ቢገባም ዝም ብሎ ያያል። አማካሪያችን የሚያውቁት የመጀመሪያውን ልጅ ብቻ ነው። በምርምር ግን ሁለተኛውም በብዛት ይታያል፦ ሰውነቱ መነሣት ሲገባው የማይነሣ፣ የኮርቲሶል ምላሹ የደነዘዘ ሰው። ለእንዲህ ያለው ሰው ኮርቲሶል ቀንሱ ማለት ድምፁ ከተዘጋው ጠባቂ ላይ ወንጭፉን መቀማት ነው።

ይህን በሚገባ ያሳየው በሩማንያ ዋና ከተማ በቡካሬስት የተካሄደው ጥናት ነው። በሕፃናት ማሳደጊያ ከነበሩ 136 ልጆች ግማሾቹ በዕጣ ተለይተው አሳዳጊ ቤተሰብ ዘንድ ተላኩ። ልጆቹ 12 ዓመት ገደማ ሲሆናቸው አስጨናቂ ተግባር ተሰጥቷቸው የሰውነታቸው ምላሽ ተለካ፤ ውጤቱም እ.ኤ.አ. በ2015 ታተመ። በማሳደጊያው እንዲቆዩ የተመደቡት ልጆች ምላሽ የደነዘዘ ሆኖ ተገኘ፤ በተለይ ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው ወደ ቤተሰብ የገቡት ግን ከወላጆቻቸው ጋር ካደጉ እኩዮቻቸው ጋር ተቀራራቢ ምላሽ ነበራቸው። እነዚህን ልጆች ያዳናቸው ማማው ላይ አብሯቸው የወጣ ሰው መገኘቱ ነው።

«እንግዲያው ሁለት ዓመት ካለፈ ተስፋ የለም» የሚል አይጠፋም። በአሜሪካ ሚኒሶታ ሜጋን ጉናር ከባልደረቦቿ ጋር እ.ኤ.አ. በ2019 ያሳተመችው ጥናት ከማሳደጊያ ወጥተው በጉዲፈቻ ያደጉ ልጆች ደንዝዞ የነበረው ምላሻቸው በጉርምስና ወቅት ወደ እኩዮቻቸው እንደተጠጋ ያሳያል። እርግጥ ነው፣ የሆርሞኑ ልክ ተስተካከለ ማለት የልጁ ኀዘን ቀለለ ማለት አይደለም፤ ሁለቱን ማምታታት የእኛ የባለሙያዎቹም ድክመት ነው።

በአዋቂዎች ላይ ነገሩ ያን ያህል የጠራ አይደለም። በጉዳቱ ላይ ያተኮረ የንግግር ሕክምና ቅዠትንና ድንጋጤን እንደሚቀንስ በቂ ማስረጃ አለ፤ የኮርቲሶሉን መስመር ይለውጣል ወይ የሚለው ግን ከጥናት ጥናት ይለያያል። ስለዚህ መዳንን በሆርሞን ቁጥር አልለካም። በር በኃይል ሲዘጋ የደነገጠው ሰው ልቡ እስኪረጋ ምን ያህል ይቆያል፣ ሌሊቱን ይተኛል ወይ ብዬ መጠየቅ ይሻለኛል። ጠባቂው መንጋ ሲመጣ መጮኹን እንዲተው አንፈልግም፤ መንጋው ሲሄድ እንዲቀመጥ እንጂ። ይህንንም በምክር ብዛት አይማረውም፤ ዝንጀሮ ሳይመጣ ያለፉ ብዙ ቀናት ያስተምሩታል። መንጋው ዛሬም የሚመጣበት፣ ማለትም አሁንም የሚደበድበው ሰው ጋር የሚኖር ከሆነ፣ ንቃቱ በሽታ አይደለምና ከማስታገስ በፊት ከአደጋው ማውጣት ይቀድማል። (ምሳሌዬ እዚህ ላይ ያነክሳል፤ የማሳ ጠባቂ ሲመሽ ወርዶ ቤቱ ይተኛል፣ ብዙዎቹን ሕሙማን ያስፈራቸው ግን ቤታቸው ነበር።)

ባይጠይቁኝም አንድ ነገር ልጨምር። የሰውነትን ኮርቲሶል በእውነት የሚያዳክም ነገር ካስፈለገ ለወራት የተወሰደ ፕሬድኒሶሎን (እንደ ኮርቲሶል የሚሠራ የስቴሮይድ ኪኒን) አለ፤ ፊት ለማቅላት ለረጅም ጊዜ የሚቀቡ ጠንካራ የስቴሮይድ ቅባቶችም እንዲሁ ዕጢዎቹን ሊያስተኙ ይችላሉ። እንዲህ ያለ ሰው መድኃኒቱን በድንገት ቢያቆም የደም ግፊቱ ወርዶ ራሱን ሊስት፣ ሊሞትም ይችላል። ለአስም ወይም ለመገጣጠሚያ ሕመም ፕሬድኒሶሎን ሲወስዱ የቆዩ አንባቢ ካሉ፣ «ኮርቲሶልን አጥቡ» የሚለውን ሰምተው ኪኒናቸውን ከመተዋቸው በፊት ያዘዘላቸውን ሐኪም ያነጋግሩ፤ ቀስ በቀስ ይቀነሳል እንጂ በአንድ ቀን አይቆምም።