ፌዘር ፎል ክንፍ አይደለም፦ ስለ አንድ ድግምት የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ጅማ ውስጥ እሁድ ከሰዓት የምንገናኝ አምስት ጓደኛሞች አለን። የምንጫወተው ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ ነው፤ እያንዳንዱ ተጫዋች አንድ ገጸ ባሕርይ ይዞ በዳይስና በወሬ ታሪክ የሚፈጥርበት ጨዋታ፣ እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣውን አምስተኛ እትም። አራታችን ተጫዋች ነን፣ አንዱ ዲኤም፣ ማለትም ታሪኩን የሚመራው። ካርታው ላይ ሰዎቻችንን የምናስቀምጠው በቡና ፍሬ ነው። ያልተቆላው የኛ፣ የተቆላው የጠላት።

ባለፈው ክረምት አንድ እሁድ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ፣ ገደል ላይ የተዘረጋ የገመድ ድልድይ ተበጠሰብን። ሦስታችን ተሻግረናል። የጓደኛችን አስማተኛ ግን ከነበቅሎዋ መሃል ላይ ነበረች። ፌዘር ፎልን («የላባ አወዳደቅ» እንደማለት ነው) ታውቃለች፤ የሚወድቅን ሰው ቀስ አድርጎ የሚያወርድ የመጀመሪያ ደረጃ ድግምት ነው። «ልድገመው» አለች። «ተራሽ አልደረሰም» አልናት። እኔም ጭምር። ገደሉ 150 ጫማ ነበር። በደንቡ ለየ10 ጫማው አንድ ዳይስ ይጣላል፣ ስለዚህ 15 ዳይስ ተጣለ። ድምሩ 54። የቀራት ጤና 22፣ ሙሉው 28። ከዜሮ ወዲያ የተረፈው ጉዳት ከሙሉ ጤናዋ ስለበለጠ፣ መዳኛ ዳይስ እንኳ ሳትጥል ሞተች።

ጓደኛችን አንድ ዓመት የተጫወተቻት ገጸ ባሕርይ የተጻፈችበትን ወረቀት አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ስትከተው አየሁ። ማታ ቤት ገብቼ ደንቡን ቃል በቃል አነበብኩት። ተሳስተን ነበር።

«ተራህ እስኪደርስ ትጠብቃለህ»

አስማተኛዋን የገደላት ይሄ ነው። ፌዘር ፎል የሚደገመው በሪአክሽን ነው፤ ማለትም አንድ ነገር ሲከሰት ተራ ሳይጠበቅ በሚሰጥ ቅጽበታዊ ምላሽ። አንተ ራስህ ወይም በ60 ጫማ ውስጥ ያለ ፍጡር ሲወድቅ፣ የማንም ተራ ይሁን የማንም፣ በዚያችው ቅጽበት ትደግመዋለህ። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይሄ ነው። ተራ ጠብቅ ቢባልማ ድግምቱ ለምን ተፈጠረ? እ.ኤ.አ. በ2017 በታተመ ተጨማሪ ደንብ መሠረት የወደቀ ሰው ወዲያውኑ እስከ 500 ጫማ ይወርዳል። ተራህ ሲደርስ መሬት ላይ ነው ያለው።

አንድ ልብ የሚባል ነገር ግን አለ። ሪአክሽን በዙር አንድ ብቻ ነው። ከአጠገብህ የሚሸሽ ጠላትን በሪአክሽን ከመታህ፣ ወይም ራስህን በጋሻ ድግምት ከተከላከልክ፣ የሚቀጥለው ተራህ እስኪጀምር ባዶ እጅህን ነህ። ስለዚህ ገደል አፋፍ ላይ ስትዋጋ ሪአክሽንህን ቆጥብ። እኔ አሁን አፋፍ ላይ ከሆንን የሸሸውን አልነካውም፣ ይሂድ።

«ቀድሜ ደግሜ እዘላለሁ»

አይሆንም። መውደቅ ከሌለ የሚቀሰቅሰው ነገር የለም። መጀመሪያ ዝለል፣ ከዚያ ድገም። በገዛ ተራህ ሪአክሽን መጠቀም ስለማይከለከል ችግር የለውም። አንዴ መሬት ከረገጥክ ግን ላንተ አበቃ። ድግምቱ የሚቆይባት አንድ ደቂቃ አላለቀችም ብለህ ሌላ ግንብ ላይ ወጥተህ ብትዘል፣ ሁለተኛው አወዳደቅህ እንደማንም ሰው ነው።

«እንደ ላባ ትንሳፈፋለህ፣ ወደፈለግክበት ትሄዳለህ»

ስሙ ያሳስታል። ፍጥነቱ በዙር 60 ጫማ ነው። ዙር ስድስት ሰከንድ ስለሆነ በሰከንድ 10 ጫማ፣ ሦስት ሜትር ያህል መሆኑ ነው። ሶምሶማ የሚሮጥ ሰው ይህን ያህል ይሄዳል። ላባ እንዲህ አይፈጥንም። ወደ ጎን የመሄድ ችሎታም አይሰጥህም። ከበታችህ የሚነድ እሳት ካለ እሳቱ ላይ ነው የምታርፈው። ስለ ነፋስ ድግምቱ ምንም አይልም፤ ያ የዲኤሙ ውሳኔ ነው።

«አየር ላይ እስካለህ ማንም አይነካህም»

ዲኤማችን ጅሬን ላይ ያለውን የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት አስመስሎ አንድ የንጉሥ ግቢ ሠርቶልን ነበር፤ የእንጨት ዓምዱ፣ ሰገነቱ፣ ሰፊው ቅጥር። ከራሱ የጨመረው 110 ጫማ የሆነ ግንብ ነው። ከዚያ ላይ ዘለልኩ፣ ደገምኩ፣ ተመስገን አልኩ። በመጀመሪያው ዙር 60 ጫማ ወርጄ 50 ጫማ ቀረኝ። ሰገነቱ ላይ አራት ቀስተኞች ነበሩ። አራቱም ተራቸው ደረሰ። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል ይባላል፤ እኔ ገና ሳልወድቅ ነው የበዛብኝ። ድግምቱ ከመውደቅ ጉዳት እንጂ ከቀስት አያስጥልም። በሌላ በኩል አንተም አየር ላይ ሆነህ ተራህ ሲደርስ መተኮስም ሌላ ድግምት መድገምም ትችላለህ።

«ከየትም ብትወድቅ ያወርድሃል»

የሚቆየው አንድ ደቂቃ ነው፤ 10 ዙር፣ 600 ጫማ፣ ማለትም 183 ሜትር ያህል። አዲስ አበባ ያለው የንግድ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት 209 ሜትር ነው። ገጸ ባሕርይህ ከሱ ጫፍ ላይ ብትወድቅና ፌዘር ፎል ብትደግም፣ ደቂቃው የሚያልቀው 26 ሜትር ሲቀራት ነው። ከዚያ በኋላ 85 ጫማ ያህል እንደ ድንጋይ ትወርዳለች። ስምንት ዳይስ። ሌላ ስሎት (አንድ ድግምት ለመድገም የሚወጣ አቅም) ካላት መውደቅ እንደገና ስትጀምር እንደገና መድገም ትችላለች። እዚያ ከፍታ ላይ እያለች ስሎቷን መቁጠር አለባት።

«ቡድኑን ከነዕቃው ያድናል»

እስከ አምስት ፍጡር ብቻ ነው፣ ራስህን ከመረጥክ አንተም ከአምስቱ አንዱ ነህ። በቅሎ ፍጡር ናት፣ ትቆጠራለች። የወርቅ ሣጥን፣ ጀልባ፣ የተበጠሰ ድልድይ ግን አይቆጠሩም። በሦስተኛው እትም ዕቃንም ያወርድ ስለነበር የድሮ ተጫዋቾች እዚህ ላይ ሲከራከሩ ብትሰማ አትገረም። አምስተኛው ላይ ፍጡር ነው የሚለው።

ፈቃድ የሚባል ነገርም አልተጻፈም። እየወደቀ ያለ ጠላት በሕይወት ከፈለግከው ልታወርደው ትችላለህ። አንድ ሰላይ እንዲህ ይዘን ብዙ ነገር አውጥተነዋል።

«አስማተኛው ከተመታ ድግምቱ ይቋረጣል»

ይሄም ስህተት ነው። ኮንሰንትሬሽን፣ ማለትም ድግምቱን ለማቆየት ያልተቋረጠ ትኩረት፣ አይጠይቅም። ደግማው ራሷን ብትስት እንኳ ሌሎቹ ቀስ ብለው ይወርዳሉ። ድግምቱን ለመድገም የሚያስፈልገው ላባም አይጠፋም፣ ያው አንዱ ላባ ሁልጊዜ ይሠራል። የእጅ ምልክት አያስፈልግም፤ ላባው ላይ መድረስ ግን ያስፈልጋል፣ ቃሉንም በአፍ ማለት የግድ ነው። አፏ ከታሰረ፣ ወይም ድምፅ የሚያጠፋ ድግምት ውስጥ ካለች፣ የለም።

በሚቀጥለው እሁድ መጽሐፉን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ ገጹን አሳየኋቸው። ዲኤሙ ሁለቴ አነበበው። ከዚያ «ወረቀቷን አምጪያት» አላት። ቦርሳዋ ውስጥ ነበረች፣ እጥፋቱ መሃሏ ላይ እንዳለ። ድልድዩን እንደገና በጠስነው። ጓደኛችን ከዶሮ የነቀለችውን እውነተኛ ላባ ከፍሬዎቹ አጠገብ አስቀምጣ ሁለት ፍጡር መረጠች፤ አስማተኛዋንና በቅሎዋን። በመጀመሪያው ዙር 60፣ በሁለተኛው 120። በሦስተኛው ሁለቱም በእግራቸው ቆመው ገደሉ ሥር ደረሱ። እኛ ደግሞ ከላይ ሆነን ገመድ ፍለጋ ጀመርን።