ኦቭኑ እየጠፋ ሲያስቸግር፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ባሕር ዳር ውስጥ የጋዝ ምድጃ እየጠገንኩ ነው የምተዳደረው። በተለይ በዓል ሲቃረብ ስልኬ ሲጠራ የሚባለውን አስቀድሜ አውቀዋለሁ፦ «ኦቭኑ እየጠፋ አስቸገረኝ፤ መጥተህ ያንን ሴንሰር አውጣልኝ።» አላወጣም። ለምን እንደማላወጣ በየቤቱ ማስረዳት ስለሰለቸኝ እዚህ ልጻፈው።

«የሚያጠፋው ሴንሰሩ ነው፤ ይነሳ»

ከሁሉም የሚያንገበግበኝ ይህ ነው፤ ምክንያቱም ሰው ይገድላል። ኦቭኑ ውስጥ፣ ነበልባሉ አጠገብ ቀጭን የብረት ዘንግ አለች። ሴንሰር የምትሏት እሷን ነው፤ ስሟ ቴርሞካፕል ነው። ከሁለት ዓይነት ብረት የተሠራች ስለሆነች ጫፏ ሲግል ከ20 እስከ 30 ሚሊቮልት የሚሆን ጥቂት ኤሌክትሪክ ታመነጫለች። ያ ኤሌክትሪክ በቫልቩ ውስጥ ያለውን ትንሽ ማግኔት አጥብቆ በመያዝ የጋዙን መንገድ ክፍት ያደርጋል። እሳቱ በማንኛውም ምክንያት ከጠፋ ዘንጓ ትቀዘቅዛለች፣ ማግኔቱ ይለቃል፣ ጋዙ ይዘጋል። ሥራዋ ይኸው ነው፤ እናንተ ሳሎን ተቀምጣችሁ እሷ ማዕድ ቤቱን ትጠብቃለች።

ሽምብጥ አካባቢ የሚኖሩ አንዲት እናት ማዞሪያውን ወደ ውስጥ ተጭነው በእንጨት ሽብልቅ አስይዘውት አገኘሁ። «ጎረቤቴ አሳየችኝ፤ ከዚያ ወዲህ አስቸግሮኝ አያውቅም» አሉኝ። «እትዬ፣ ማዞሪያው እንዲህ ተጭኖ ከቆየ እሳቱ ቢጠፋም ጋዙ መውጣቱን አያቆምም እኮ» ብላቸው «መስኮቱ ክፍት ነው» አሉ። በሲሊንደር የሚመጣው ጋዝ ፕሮፔንና ቡቴን ነው፤ ሁለቱም ከአየር ይከብዳሉ። ኦቭኑ ውስጥ ይከማቻል፣ ከዚያ ወለሉ ላይ ይተኛል እንጂ ሽቅብ ወጥቶ በመስኮት አይሄድም። ሌላ ደንበኛዬ እንዲሁ የጠፋውን ኦቭን ከፍቶ ክብሪት ጫረ፤ ቅንድቡና ክንዱ ላይ ያለው ጸጉር ነደደ። በዚያ ብቻ በመትረፉ እግዚአብሔርን ያመስግን።

እርግጥ ነው፣ ቴርሞካፕሏ ራሷ የምትበላሽበት ጊዜ አለ። ግን አስቀድማችሁ እነዚህን ሞክሩ። ኦቭኑን ለኩሳችሁ ዘንጓ እስክትግል ማዞሪያውን ከ10 እስከ 15 ሰከንድ ያህል ተጭናችሁ ቆዩ፤ አብዛኛው ሰው በሁለት ሰከንድ ይለቅና «ተበላሽቷል» ይላል። አሁንም ከጠፋ ጋዙን ከሲሊንደሩ ዘግታችሁ፣ ምድጃው ሲቀዘቅዝ የዘንጓን ጫፍ እዩ። ጥላሸት ወይም የተቃጠለ ቅባት ካለበት በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት በቀስታ አጽዱት። ከነበልባሉ የራቀችም እንደሆነ ወደ ቦታዋ ትመለስ። ይህ ሁሉ ተደርጎ ካልያዘ ያን ጊዜ በአዲስ ትቀየር። መቀየር እንጂ ማንሳት አላልኩም።

«ድፎ ስጋግር ብቻ ይጠፋል፤ ስለዚህ ጋዙ አይችልም»

ጋዙ ይችላል፤ ያነሰው አየር ነው። ሰፊ ትሪ ይገባል፣ ከትሪው የተረፈው ኮባ ዳርና ዳሩን ይሸፍናል፣ አንዳንዱ ደግሞ የኦቭኑ ወለል እንዳይቆሽሽ ብሎ አሉሚኒየም ፎይል ያነጥፋል። ከታች ያሉት ክፍተቶች ሲደፈኑ እሳቱ አየር ያጣል፤ መጀመሪያ ቢጫ ይሆናል፣ ቀጥሎ ይጠፋል። በትሪውና በግድግዳው መካከል በየጎኑ ጣት የሚያስገባ ቦታ ተዉ፤ የተንጠለጠለውን ኮባ ቁረጡት፤ ፎይሉን አንሱ።

ቢጫ እሳት ካነሳሁ አይቀር፦ «ቢጫው ይበልጥ ይሞቃል» የሚሉ አሉ። አይሞቅም። ጥሩ የጋዝ እሳት ሰማያዊ ነው። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አየሩ ከባሕር ዳርቻ ከተሞች ይልቅ አንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። ለቆላ የተስተካከለ ምድጃ እዚህ ሲመጣ አየር ሊያንሰውና ድስት ሊያጠቁር ይችላል። የጋዝ መውጫዋ ቀዳዳና የአየር ማስገቢያው በባለሙያ ይስተካከሉ። ቢጫ እሳት በተዘጋ ቤት ውስጥ ካርቦን ሞኖክሳይድ ያመነጫል፤ እሱ ደግሞ እንደ ከሰል ጢስ አያስለቅስም፣ እንደ ጋዙም አይሸትም።

«ጋዙ ውኃ ተቀላቅሎበታል»

ሲሊንደሩን ስትወዘውዙት የሚንቦጫረቀው ራሱ ጋዙ ነው፤ በግፊት ፈሳሽ ሆኖ ነው የሚቀመጠው።

«ጋዙ ደካማ ስለሆነ ባቄላው አልበስል አለ»

በዚህ ከፍታ ውኃ 94 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ ባቄላ የሚዘገየው ለዚህ ነው። ድስቱን ክደኑት።

«ነፋስ ይህን ያህል አያጠፋም»

ጣና ዳር ዓሣ ለሚጠብሱት ይህን መናገር አያስፈልግም ብዬ ነበር፤ ያስፈልጋል። ከሰዓት በኋላ ከሐይቁ የሚመጣው ነፋስ ነበልባሉን ከዘንጓ ላይ ገፋ ሲያደርገው ዘንጓ ትቀዘቅዝና ጋዙ ይዘጋል። ምድጃውን አዙሩት ወይም በነፋሱ በኩል ቆርቆሮ አቁሙ። ዙሪያውን በሙሉ ግን አትከልሉት፤ አየር ያስፈልገዋል።

«ሲሊንደሩን ቢያስተኙት የቀረው ይወጣል»

የሚወጣው ፈሳሹ ነው። ሬጉሌተሩ፣ ማለትም ሲሊንደሩ አፍ ላይ የሚገጠመው የግፊት መቀነሻ፣ የተሠራው ለተነነ ጋዝ ስለሆነ ፈሳሽ ሲገባበት እሳቱ በድንገት ይንቦገቦጋል፤ ሬጉሌተሩም ይበላሻል። ሲሊንደር ሁልጊዜ ቆሞ ነው የሚሠራው። የፈላ ውኃ ማፍሰስ፣ እሳት አጠገብ ማስጠጋትም ያው ነው፤ አታድርጉት። በእርግጥ አልቆ እንደሆነ ለማወቅ መዝኑት፤ የባዶው ክብደት ሲሊንደሩ ላይ ተጽፏል፣ ከእሱ የሚተርፈው ጋዝ ነው።

ከመደወላችሁ በፊት ሬጉሌተሩንና ቱቦውን በሳሙና አረፋ ቀቡ። አረፋው ከተነፋ ጋዙን ዝጉ፣ በሩን ክፈቱ፣ መብራት አታብሩ አታጥፉም፣ ከዚያ ከውጭ ሆናችሁ ደውሉ። በክብሪት የሚፈትሽ ሰው ቤታችሁ ካለ ክብሪቱን ቀሙት።