የድሮ አርቲስት ፎቶ፦ መብቱ የማን ነበር?

በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን ማብቂያ የተነሱ የሙዚቀኞችና የተዋንያን ፎቶዎች በተለጠፉ ቁጥር ይቺ ጥያቄ አትቀርም፤ የቅጂ መብቱ የተነሺው ነው ወይስ የአንሺው?

በእንግሊዝ የ1862 ሕግ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች ናቸው) ዋናው ነገር ማን ከፈለ የሚለው ነበር። አንዲት ዘፋኝ ስቱዲዮ ሄዳ ከኪሷ ከፍላ ከተነሳች፣ ሌላ የጽሑፍ ስምምነት እስከሌለ ድረስ መብቱ የሷ ነው። አንሺው ራሱ «ነይ፣ በነጻ ላንሳሽ» ብሎ ከጋበዛት ግን የእሱ ይሆናል። ደግነት እንዳይመስላችሁ! ፎቶው ካርቶን ላይ ተለጥፎ ለአድናቂዎች ይቸበቸብ ነበር።

የያኔው ሕግ ይኸው ነበር። እያንዳንዱ ፎቶ ላይ ማን እንደከፈለ ግን ይለያያል፤ ካርቶኑ ግርጌ የታተመው የስቱዲዮ ስም ብቻውን ይህን አይነግረንም።

አሜሪካ ውስጥ ደግሞ ክርክሩ ሌላ ነበር፤ ፎቶ ጭራሽ የፈጠራ ሥራ ነው ወይ? ፎቶ አንሺው ናፖሊዮን ሳሮኒ በ1882 ኒው ዮርክ ላይ ደራሲውን ኦስካር ዋይልድን አነሳው። አንድ ማተሚያ ድርጅት ሳያስፈቅድ 85,000 ቅጂ አባዛው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1884 ለሳሮኒ ፈረደ፤ አቀማመጡን፣ ልብሱን፣ መጋረጃውን፣ ብርሃንና ጥላውን ያሰናዳው እሱ ነው ብሎ።